ዜማው የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄዎች፤ መልስ ከድሬዳዋ የሙዚቃ መምህርት

ባለፈው ወር የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ነበር። ከ1890ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ከተጻፉ የአውሮፓ ክላሲካል ሥራዎች ጥቂት ስሙና የተሰማችሁን ጻፉልኝ አልኩ። ዓመቶቹ ሁሉ፣ ከዚህ በታች ያሉትም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከአቀናባሪዎቹ ዴቡሲን፣ ስትራቪንስኪን፣ ባርቶክንና ሾንበርግን ጠቅሼላችሁ ነበር። የደረሰኝ አብዛኛው ቅሬታ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል፤ በደንብ ሰምታችኋል ማለት ነው። አራት ደብዳቤ መርጫለሁ።

«ቲቸር፣ እንዴት ነሽ? ከሳቢያን ነው የምጽፈው፤ ኪቦርድ እየተማርኩ ነው። የስትራቪንስኪን ‹የፀደይ ሥርዓት› ዳውንሎድ አድርጌ ሰማሁት። አቦ፣ ዜማው የት ገባ? አንድ ኮርድ ይደበድባሉ፣ ይደበድባሉ፣ የትም አይሄዱም። ሌላም ጥያቄ አለኝ። ዜማ፣ ምት፣ ሃርመኒ ምናምን የሚባሉትን የሙዚቃ መሠረታዊ ነገሮች ሸምድጃለሁ። ፈተና ላይ እጽፋቸዋለሁ። ሙዚቃ ስሰማ ግን ምን ያደርጉልኛል?»

ሁለቱ ጥያቄዎችህ አንድ ናቸው ወንድሜ። ሁለተኛው ሲፈታ የመጀመሪያውም ይፈታል።

መሠረታዊ የምንላቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ድምፅ ከፍና ዝቅ እያለ ሲሄድ ዜማ ይሆናል። በጊዜ ላይ ሲደረደር ምት ይኖረዋል፤ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ሁለትና ከዚያ በላይ ድምፆች አንድ ላይ ሲሰሙ ሃርመኒ ነው፤ አብረው የሚመቱት ድምፆች ኮርድ ይባላሉ። ድምፁ ይጮኻል ወይም ያንሾካሹካል፤ ይህ ጉልበቱ ነው። ያው ኖታ በዋሽንት ሲነፋና በማሲንቆ ሲገዘገዝ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ የድምፁ ቀለም ነው። ደግሞ ስንት ሰው ባንድ ጊዜ ይናገራል? አንድ ብቻውን ነው? አጃቢ አለው? ወይስ ሁሉም የየራሱን መስመር ይዞ ይሄዳል? በመጨረሻ ሥራው እንዴት ተከፋፍሏል፣ ምኑስ ይመለሳል የሚለው አለ፤ እሱ ቅርፅ ይባላል። ይኸው ነው።

እነዚህን ሸምድደህ ካስቀመጥካቸው የፈተና ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ስትሰማ ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ እዚህ ሙዚቃ ውስጥ የሚመራው የቱ ነው? ከሃያኛው ክፍለ ዘመን በፊት በነበረው የአውሮፓ ክላሲካል አብዛኛውን ጊዜ ዜማና ሃርመኒ ይመሩ ነበር። ምቱ ይሸከማቸዋል፣ ቀለሙ ያለብሳቸዋል። ከ1900 ግድም ጀምሮ አቀናባሪዎቹ መሪውን ቀየሩት። አንዱ ቀለምን ከፊት አቆመ፣ አንዱ ምትን። ሌላው ደግሞ «ለምን አንድ ኖታ በሌሎቹ ላይ ይነግሣል?» ብሎ ተነሣ። «ዘመናዊ» የተባሉት ስልቶች ብዙና የተለያዩ የሆኑት ለዚህ ነው። አንተ ዜማን ስትፈልግ የሚመራው ምት ከሆነ፣ እውነትም ዜማው የጠፋ ይመስልሃል።

ጆሮህን ለማለማመድ መጀመሪያ የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የራቬልን «ቦሌሮ» ስማ። 1928 ላይ ነው የተጻፈው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። አንዲት ትንሽ ከበሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ምት ትመታለች። ሁለት ዜማዎች ይፈራረቃሉ፤ አይለወጡም። ፍጥነቱም አይለወጥም። ሃርመኒው ራሱ እስከ መጨረሻው አካባቢ ዶ ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ ሊያልቅ ሲል ድንገት ወደ ሚ ይዘላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ታዲያ ምን ቀረ? ቀለምና ጉልበት። ፍሉት ይጀምራል፣ ክላሪኔት ይቀበላል፣ ባሶን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው መንፊያ ይቀጥላል፣ ቆየት ብሎ ሳክስፎን ይመጣል፣ ትሮምቦን ይመጣል። ድምፁ ሳታስተውለው ይወፍራል። ራቬል ሌላውን ሁሉ አስሮ ሁለቱን ብቻ ስለለቀቃቸው፣ ቀለምና ጉልበት ምን እንደሚሠሩ ለይቶ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሥራ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ስትራቪንስኪ። «የፀደይ ሥርዓት» ለባሌት የተጻፈ ነው። መጀመሪያ የታየው ፓሪስ፣ ሻንዜሊዜ ቲያትር፣ ሜይ 29 ቀን 1913 ነው። ተመልካቹ ተንጫጫ፤ ገሚሱ ተሳደበ፣ ገሚሱ ደገፈ። ኦርኬስትራውን ይመራ የነበረው ፒየር ሞንቶ ግን እስከ መጨረሻ ቀጠለ። ኒጂንስኪ ለባሌቱ ያቀናበረው ውዝዋዜም የድንጋጤው አንድ ምክንያት ነበር፤ ጥፋቱን ሁሉ በሙዚቃው ላይ አንጫን።

ያልከው ድብደባ ከመግቢያው ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ነው። ቫዮሊኖቹና ጓደኞቻቸው አንድ ሻካራ ኮርድ እኩል እኩል ይመታሉ። ሚ ሜጀር ከታች፣ ሚ ፍላት (ከሚ በስተግራ ያለው ቁልፍ) ሰባተኛ ከላይ፤ ሁለቱ ጎረቤት ኮርዶች ተደራርበው። ኮርዱ አይንቀሳቀስም ያልከው ልክ ነው። ሆን ተብሎ ነው። እሱ ቆሞ የሚንቀሳቀሰው የጠበቀው ምት ነው። ይህን ሞክር፦ ከ1 እስከ 32 እኩል እየቆጠርክ ጠረጴዛ ምታ። 10፣ 12፣ 18፣ 21፣ 25 እና 30 ላይ ስትደርስ ጠበቅ አድርገህ ምታ። እነዚያ ቦታዎች ላይ ነው ሆርን የሚባሉት ስምንት የነሐስ መንፊያዎች የሚጮኹት። ከዚያ ሙዚቃውን ክፈትና አብረህ ቁጠር። ሰርግ ላይ ጭክጭካ ሲመታ በስድስት ይዞርና ትከሻህ ቀጣዩ የት እንደሚወድቅ ቀድሞ ያውቃል። እዚህ ትከሻህ ይጠብቃል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጠብቃል። የክፍሉ ደስታ ያለው እዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው።

ዜማውም ቢሆን አለ። ሥራውን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምረህ ስማ። ባሶን ከተለመደው ቦታው ወጥቶ በጣም ከፍ ብሎ ብቻውን ያዜማል። ያ ዜማ የተወሰደው ከሊትዌኒያ የሕዝብ ዘፈን ነው። አቦ፣ እሱን ዘለህ ወደ ድብደባው ከሄድክ ራስህን ጎድተሃል።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ከከዚራ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኪቦርድ ትማራለች። ቤት ስትመጣ ግን ጥቁር ጥቁሩን ብቻ እየነካች ትዝታ የሚመስል ነገር ታወጣለች። አስተማሪዋ ነጩን ተለማመጂ ይላታል። ጊዜ እያባከነች ይሆን? እርስዎ ደግሞ ስለ ዴቡሲ ሲጽፉ ‹ቅኝቱን ቀየረው› ብለዋል። ያ እና የልጄ ነገር ይገናኛሉ?»

እህቴ፣ ልጅዎ ጊዜ አላባከነችም። ትዝታን ራሷ አግኝታዋለች። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ጥቁሮቹን ከፋ ሻርፕ (ከፋ በስተቀኝ ካለው ጥቁር) ጀምራ ብትቆጥራቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጥቁር ብቻ የነካ ሰው ኖታ ሳይሳሳት ትዝታ ውስጥ ይቆያል። አስተማሪዋም ልክ ነው። ጥቁሮቹ አጠገብ ላጠገብ ስላልሆኑ ግማሽ ድምፅ አይሰጡም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ያለ ግማሽ ድምፅ አይመጡም። አንቺ ሆዬን ከዶ ብትጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ነጩም ጥቁሩም ያስፈልጋታል። ትዝታዋን ሳትከለክሏት እነዚህን ጨምሩላት። አንድ ነገር ላክልበት። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ የኪቦርዱ ድምፅ ከእሱ ጋር ጥቂት ይለያል። ልጅቷ ሁለቱንም እየሰማች ብትሄድ ጥሩ ነው።

ወደ ዴቡሲ ልምጣ። በ1889 ፓሪስ ላይ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር። ወጣቱ ዴቡሲ እዚያ ሄዶ ከጃቫ የመጡ ሙዚቀኞችን ሰማ፤ ጋምላን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ። ሌላ ቅኝት፣ ሌላ ቀለም ነበር። በጣም ማረከው። የእሱ ሙዚቃ ከዚያ ብቻ መጣ ማለት አይደለም፤ ቅኝት ማለት የአውሮፓ ሜጀርና ማይነር ብቻ እንዳልሆነ ግን ጆሮው መስክሯል።

እርስዎና ልጅዎ ዛሬ ማታ ይህን አብራችሁ ሞክሩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ነጮቹን፤ ቀጥሎ ሦስቱን ጥቁሮች፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ። እነዚህን ስድስት ብቻ፣ በፈለገችው ቅደም ተከተል፣ ፔዳሉን ረግጣ ትጫወት። በሁሉም መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው። ስለዚህ የትኛውም ድምፅ «አሁን ደረስን» አይልም። ሁሉም ይንሳፈፋል። ዴቡሲ «ቯል» የሚለውን የፒያኖ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ በዚህ ነው የጻፈው። መካከል ላይ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጥቁር ቁልፎች ብቻ ይገባል! ለልጅዎ ያንን ቦታ አሰሟት። የእሷ ድምፆች ናቸው።

ስልቱን ኢምፕሬሽኒዝም ይሉታል፤ ስሙ ከሥዕል የመጣ ነው፣ ዴቡሲ ራሱ አይወደውም ነበር። እኔም ከስሙ ይልቅ ፍሉቱን ስሙ እላለሁ። በ1894 የቀረበው «የፋውን ከሰዓት በኋላ መቅድም» በአንድ ፍሉት ይጀምራል፤ ያለ አጃቢ፣ ያለ ጥድፊያ። ፋውን በጥንት ተረት ግማሹ ሰው ግማሹ ፍየል የሆነ የጫካ ፍጡር ነው፤ በሙቀት አንቀላፍቶ ያልማል። ድሬ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲያርፍ ይህን ሙዚቃ መክፈት ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህችንም ለከዚራ ሰው ልንገር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ፓሪስ ውስጥ የዴቡሲ ብቸኛ የተጠናቀቀ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ከተማችንና ይህ ሙዚቃ እኩያሞች ናቸው።

«ሰላም ቲቸር። ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። አያቴ ዚክሪ ላይ ከበሮ ይመታል። ድምፁ ሳያልፍ በስልክ ልቀዳው አስባለሁ፤ ከዚያ በኪቦርድ ላሠራው። ባርቶክ የገበሬ ዘፈን እየቀዳ ይዞር ነበር ብለሻል። ቀድቶ ምን አደረገው? እኔስ ወደ ኪቦርድ ባመጣው ይበላሻል?»

ይህን ደብዳቤ ስታነቡ ልባችሁ ካልደነገጠ ድጋሚ አንብቡት። አያት በሕይወት አለ፣ ልጁ መቅዳት ይፈልጋል። ወንድሜ፣ አታዘግየው።

ቤላ ባርቶክና ጓደኛው ዞልታን ኮዳይ ከ1906 ገደማ ጀምሮ የሀንጋሪን ገጠር በፎኖግራፍ ይዞሩት ነበር። ዘፋኙ ወደ ቀንዱ ያዜማል፣ መርፌው በሰም ሲሊንደር ላይ ይጭራል። ባርቶክ በሀንጋሪ አልቆመም። የሮማንያና የስሎቫክ መንደሮች ሄዷል። በ1913 አልጄሪያ፣ ቢስክራ አካባቢ ድረስ ወርዶ የአረብ ሙዚቃ ቀድቷል። ከተመለሰ በኋላ ሲሊንደሩን ደጋግሞ እየሰማ እያንዳንዷን የጉሮሮ መታጠፍ ሳይቀር በኖታ ይጽፋል። ከተሜው «የሀንጋሪ ሙዚቃ» ብሎ የሚያውቀው በምግብ ቤት የሚሰማውን ነበር። እሱ ከገበሬዎቹ ያገኘው ሌላ ነው። የጥንቶቹ ዜማዎች በአምስት ድምፅ የተሠሩ ነበሩ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ስለኛ ቅኝቶች አስባለሁ። ዝምድና አላቸው ማለቴ አይደለም። አምስት ድምፅ ይዞ ሩቅ መሄድ እንደሚቻል ባርቶክ በተግባር ስላሳየ ነው።

ቀድቶ ምን አደረገው? ሦስት መንገድ ነበረው። አንዳንዴ ዜማውን እንዳለ ወስዶ ማጀቢያ ይሰጠዋል። አንዳንዴ የራሱን ዜማ በዚያ አመል ይጽፋል። ሦስተኛው የሚከብደው ነው፦ ዜማም ሳይወስድ፣ ሳያስመስልም፣ የዚያ ሙዚቃ ጠባይ በደሙ ገብቶ በሚጽፈው ሁሉ ውስጥ ይሰማል። «ሚክሮኮስሞስ» የሚባሉት 153 የፒያኖ ሥራዎቹ ከጀማሪ ልምምድ ተነሥተው ይህን ያሳያሉ። የመጨረሻዎቹ ስድስቱ በቡልጋሪያ ምት ናቸው። ቁጥር 148 ዘጠኝ ይቆጥራል፤ ግን ሦስት ሦስት እያለ አይደለም፣ 4 እና 2 እና 3 እያለ ነው። ቁጥር 153 ደግሞ ስምንቱን 3፣ 3፣ 2 አድርጎ ይከፍላል። አጨብጭበው፤ እጅህ ወዲያው ይይዘዋል።

በኛም ሰፈር ይህን መንገድ የሄዱ አሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ድሬ አፍራን ቀሎ የሚባለው ቡድን የኦሮሞን ዘፈን ወደ ዘመናዊ መድረክ አመጣው። አሊ ቢራ ከዚያ ነው የወጣው፤ ዑዱን (ባለ ክር የአረብ መሣሪያ) ይዞ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ዘፈነ። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም ዋሽንት ስለሚነፋ እረኛ የኦርኬስትራ ሥራ ጽፈዋል።

አሁን ወደ አያትህ። ዚክሪ አምልኮ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸውንና ሽማግሌዎቹን ፈቃድ ጠይቅ፤ የቱ ይቀዳ፣ የቱ አይቀዳ እነሱ ይወስኑ። ከተፈቀደ ስልኩን ከበሮው አጠገብ አታስቀምጥ፤ ድምፁ ይሰነጠቃል። ራቅ አድርገህ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርገው። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደሚመታ በራስህ ድምፅ ተናገር። ሁሉም አብረው ያሉበትን ቅዳ። ከዚያ አያትህን ብቻቸውን፣ ከበሮውን ብቻ፣ ቀስ ብለው እንዲመቱልህ ለምናቸው። አብሮ የሚመታውን የእንጨት ማጨብጨቢያ ብቻውን ቅዳ። ዜማውን ያለ ከበሮ ቅዳ። ቅድም ለሳቢያኑ ልጅ የቆጠርኩለትን መሠረታዊ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ለያይተህ ያዝክ ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው ያመሰግንሃል።

ኪቦርድ ላይ ስታመጣው የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው። እሱም «ስታይል» የሚለው ቁልፍ ነው። ማሽኑ የራሱን ምት ይጀምርና አያትህን በዚያ ውስጥ ያስገባቸዋል። የሳቸው ምት ትንሽ የምትዘገይበት፣ ትንሽ የምትቀድምበት ቦታ አላት፤ ማሽኑ ይቆርጣታል። እባክህ አጥፋው። በእጅህ ተጫወት፤ ባይሞላም በእጅህ።

«ባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ገንደ ቆሬ። ሾንበርግን ከፈትኩ፤ ተሳፋሪ ዝጋው አለኝ። እውነት ይሄ ሙዚቃ ነው?»

ነው። ተሳፋሪህም አልተሳሳተም፤ ባጃጅ ውስጥ የሚሰማ አይደለም።

በኪቦርድ ላይ ከአንድ ዶ እስከ ሚቀጥለው ዶ 12 ቁልፍ አለ። በተለመደው ሙዚቃ አንዱ ቤት ነው፤ ሌሎቹ ወደ እሱ ይመለሳሉ። አርኖልድ ሾንበርግ ከ1908 ገደማ ጀምሮ ያንን ቤት ተወ። የ1912ቱ «ፒዬሮ ሉኔር» ላይ ዘፋኟ ግማሽ እየተናገረች ግማሽ እያዜመች የምትሰማው በዚያ ጊዜ ነው፤ የጭንቀትና የቅዠት ድምፅ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሥርዓት አበጀለት። 12ቱን ድምፆች በአንድ ረድፍ ትደረድራለህ፤ ሁሉም ሳይዳረስ አንዱ አይደገምም። ረድፉን ከኋላ ወደ ፊት፣ ወይም ገልብጠህ ከላይ ወደ ታች መጠቀም ትችላለህ። ማንም አይነግሥም። ችግሩ ጆሮ ቤቱን ይፈልጋል። እኔ ሾንበርግን አከብረዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልሰጠውም።

በሱ ፈንታ በተማሪው በአልባን በርግ ጀምር። በ1935 የጻፈውን የቫዮሊን ኮንቼርቶ (አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር) ስማ። በ18 ዓመቷ የሞተች የወዳጆቹን ልጅ ለማሰብ የጻፈው ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አረፈ። የ12 ድምፅ ረድፍ አለው፤ ረድፉ ግን ከለመድናቸው ሜጀርና ማይነር ኮርዶች የተሠራ ስለሆነ ጆሮ አይባረርም። የረድፉ የመጨረሻዎቹ አራት ድምፆች ከላይ ለከዚራዋ እናት እንደጻፍኩት እኩል እኩል የሚራመዱ ናቸው። በእነዚያው አራት ድምፆች የሚጀምር የባኽ መዝሙር አለ። በርግ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያንን መዝሙር ያስገባዋል። መጀመሪያ ቫዮሊኑ ያነሣዋል፣ ቀጥሎ ክላሪኔቶቹ እንደ ኦርጋን ሆነው ይመልሱለታል። ማታ ሥራ ስትጨርስ፣ ባጃጁን አቁመህ፣ በኢርፎን ስማው። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ክላሪኔቶቹ የት እንደገቡ በሚቀጥለው ደብዳቤህ ጻፍልኝ።